አዞ በደረቅ መሬት ሲያድን

ስለ ጥንታዊ አዞዎች ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

*አዞ ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ ምንም አልተለወጠም ይባላል። እውነት ነው?*

አይደለም። ይህ አባባል ሲደጋገም ስሰማ ያንገበግበኛል። ዛሬ ውሃ ውስጥ አድፍጦ የምናየው አዞ ከአንድ ሰፊ ቤተሰብ የተረፈ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ከ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ አርጀንቲና በምንለው ምድር፣ ሳውሮሱከስ የተባለ የአዞ ዘመድ በየብስ ላይ ያድን ነበር። ዳይኖሰሮች ገና አልገነኑም። የአካባቢው ዋና አዳኝ እሱ ነበር።

*በሆዱ እየተሳበ እንዴት አድርጎ ያድናል?*

መች ተሳበና! የዛሬ አዞ እግሮች ወደ ጎን ወጣ ያሉ ናቸው። የሳውሮሱከስ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ከሰውነቱ ሥር ይቆማሉ። የዳሌው አጥንት እንደ ጣሪያ ወጣ ይላል፤ የጭኑ አጥንት ራስ ከሥሩ ገብቶ ክብደቱን ይሸከማል። የዳይኖሰር እግርም ቀጥ ያለ ነው፤ የዳሌው አሠራር ግን ሌላ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ።

በሁለት እግር የሚሄዱም ነበሩ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ኤፊጂያ ነው። በ1940ዎቹ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ፣ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ስም እንኳ አልነበረውም። ጥርስ የለውም፤ አፉ መንቁር ነው። ላየው ሰው ሰጎን የመሰለ ዳይኖሰር ነው። ቁርጭምጭሚቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አሠራሩ የአዞ ነው።

*ዛሬስ የሚሮጥ አዞ አለ?*

አለ። በአውስትራሊያ ወንዞች የሚኖረው ባለቀጭን አፉ አዞ ሲደነግጥ ሽምጥ ይጋልባል።

*ሁሉም ሥጋ በል ነበሩ? መቼስ ጠፉ?*

የማዳጋስካሩ ሲሞሱከስ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ አፈ ዱልዱም ፍጥረት ነበር። ጥርሱ ቅርንፉድ ይመስላል፤ ቅጠል በል እንደነበር ይታመናል። የታንዛኒያው ፓካሱከስ ደግሞ ድመት ያክላል። ስሙም የመጣው «ፓካ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ድመት ማለት ነው። ከኋላ ያሉት ጥርሶቹ እንደ አጥቢ እንስሳት መንጋጋ ይገጥማሉ።

አብዛኞቹ የጥንት ዘሮች የጠፉት ከ201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በታላቁ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ዘመን ነው። የየብስ አዞ ግን በዚያ አላበቃም። ሴቤሲድ የሚባሉት የየብስ አዞዎች፣ ዳይኖሰሮች ካለቁ በኋላም፣ በደቡብ አሜሪካ ማደናቸውን ቀጠሉ። የዛሬ አዞ ጥርስ ድቡልቡልና ሾጣጣ ነው፤ የእነሱ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ የተሰነጣጠረ ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ተገኝቷል። ዕድሜው ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል።