«ኢንጄሚኔት» ከተራ መድገም በምን ይለያል? ለወልድያው ወንድሜ

«ኢንጄሚኔት የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አጋጠመኝ፤ መዝገበ ቃላቱ መድገም ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ከሪፒት በምን ይለያል? እንዴትስ ልያዘው? ለፈተናስ ይጠቅመኛል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ በዚህ ቃል አንድ ጊዜ የተዋረድሁ ሰው ነኝና መልሱን ለሌላ አልተውም።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መጋዘን የዕቃ መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አጠና ነበር። ጥናት የምለው አዲስ ቃል በአገኘሁ ቁጥር በአንድ ሌሊት ሃምሳ ጊዜ ደብተር ላይ መገልበጥ ነው። ኢንጄሚኔትንም እንዲሁ ገለበጥሁት። ብዙም ሳይቆይ ለውጭ አገር አቅራቢ ደብዳቤ ስናዘጋጅ፣ «ያለፈው ትእዛዝ ይደገምልን» ለማለት ቃሌን ኮራ ብዬ ሰካኋት። ሰውየው የመለሰው አንድ መስመር ነው፦ ትእዛዙን ምን እንድናደርገው ነው የፈለጋችሁት? አለቃዬ ደብዳቤውን በሠራተኛው ፊት ጮክ ብሎ ሲያነበው «ኢንገሚኔት» አለው። እኔም በልቤ እንደዚያው ስለው የኖርሁ ስለሆንሁ አላረምሁትም። ድምፁ «ጄ» ነው፤ ሲነገርም ጠበቅ ተደርጎ የሚነሣው እዚያው ላይ ነው።

ያሳሳተኝ እንግሊዝኛው አይደለም፤ የራሳችን «ደገመ» ነው። የእኛ ግስ ጫንቃው ሰፊ ነው። ተማሪ ክፍል ይደግማል፣ ካህን ዳዊት ይደግማል፣ ጠንቋይ ይደግማል፣ እንግዳም እንጀራ ይደግማል። ኢንጄሚኔት ከዚህ ሁሉ የሚወስደው የአፍን ድርሻ ብቻ ነው። ሰው አንድን ቃል ወይም ድምፅ መላልሶ ሲያሰማ እንጂ ክፍያ ወይም ሥራ ሲደግም አይባልም። ሪፒት ግን ሁሉንም ይሸከማል፤ እኔ ያን ቀን የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር።

ምንጩ ላቲን ነው፤ ሥሩም መንታ ማለት ነው። በኮከብ ቆጠራ እኛ ገውዝ የምንለውን እነሱ ጀሚናይ የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። የቋንቋ ምሁራን ጀሚኔሽን የሚሉት ደግሞ የእኛው ማጥበቅ ነው፦ ሐይቅ ወርደህ የምትዋኘው ዋና ላልቶ፣ የነገሩ ዋና ጠብቆ ይነበባል፤ ፊደሉ ግን አይለያቸውም። ከሁሉ የምወደው ግን «ደጋገመ» ነው። ግሱ መደጋገምን ሲናገር ራሱም ገ-ን መንታ ያስወልዳታል። ኢንጄሚኔትን በአማርኛ ፍታ ብትለኝ «ደጋግሞ ማለት» እልሃለሁ፣ መድገም አልልህም።

ቃሉ በሕይወት ሲሠራ ማየት ከፈለግህ ወደ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ሂድ። ሎርድ ፎክላንድ የተባለ መኳንንት በንጉሡ ወገን ቆሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1643 ኒውበሪ ላይ በጦር ሜዳ ሞተ። ወዳጁ ክላሬንደን በጻፈው ታሪክ ውስጥ፣ ፎክላንድ ከወዳጆቹ መካከል ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ እየተነፈሰ፣ በሚያሳዝን ቀጭን ድምፅ «ሰላም፣ ሰላም» ይል እንደነበር ይተርካል። ያን አባባሉን የገለጸበት ግስ ኢንጄሚኔት ነው።

ይህን ያነበብሁት ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ደርሶ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ ትውል ነበር። ወሬ አትጠይቅም። ዝም ብላ ዝም ብላ በድንገት «ያ ረቢ ሰላም፣ ሰላም» ትላለች፤ ጣቷ አንዲቷን ፍሬ ታሳልፍና መልሳ ዝም። የፎክላንድን ነገር ሳነብ የታየኝ ያ ጣት ነው። ቃሉም ከዚያ ወዲህ አልጠፋኝም፤ ሃምሳ ጊዜ የገለበጥሁበት ደብተር ግን የት እንደገባ አላውቅም።

አያያዙን በሚመለከት፣ በአንድ ሌሊት አትጨርሰው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በራሱ ላይ እየሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት አለ። በሦስት ቀን የተከፋፈለ 38 ጊዜ መድገም፣ በአንድ ቀን ከታጨቀ 68 ጊዜ ጋር እኩል ውጤት ሰጥቶታል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥራበት፣ ነገ ሳታይ ጻፈው፣ ከዚያ ሳምንት ቆይተህ ተመለስበት። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የምታውቀው ሰው ይኑር፤ በየቀኑ ጧት «ዳቦ፣ ዳቦ» የሚል ልጅ ከሰፈርህ አይጠፋም። ከጀርሚኔት ጋር እንዳታምታታው ብቻ፤ እሱ የዘር መብቀል ነው።

ለፈተና ላልኸው፣ አይጠቅምህም። ብርቅ ቃል ነው፣ ዛሬ በጋዜጣ እንኳ እምብዛም አታገኘውም። ለሥራ ደብዳቤማ ጭራሽ አታስገባው።