ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ጊዜ ከሠራዊቱ የተባረሩት ነርስ

ጥያቄ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሲያትል ነው የምኖረው። ቀን ነርሲንግ እማራለሁ፣ ማታ አዳልት ፋሚሊ ሆም (አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት) ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው አስተማሪያችን ስለ አንዲት ኮሎኔል ነርስ አነሣችልን። ግሬታ ካመርማየር ትባላለች፣ ሌዝቢያን ነኝ በማለቷ ከሠራዊቱ ተባረረች፣ ከሳ ተመለሰች። ይኸው ነው፣ ትምህርቱ ቀጠለ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ባወራላት «አሁን ይሄን ምን አመጣው?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሴትዮዋ ማን ናት? ለምን ዝም ብላ አላለፈችውም? ከዚያስ በኋላ ምን ሠራች?

የነርሲንግ ተማሪ፣ ሲያትል

መልስ

እህቴ፣ ከሕፃንነታቸው ልጀምርልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። ካመርማየር በ1942 ኦስሎ ውስጥ ተወለዱ። ኖርዌይ ያን ጊዜ በናዚ እጅ ነበረች። ወላጆቻቸው አርበኞችን ቤታቸው ይሸሽጉ ነበር። እናትየዋ ሕፃኗን በጋሪ ያስተኙና ከሥሯ ለአርበኞቹ የሚደርስ መሣሪያ ደብቀው፣ በጀርመኖቹ ፊት እየገፉ ያልፋሉ። የተኛች ሕፃን ማን ይፈትሻል? እኛ የውስጥ አርበኛ የምንለው ማለት ነው። ለእናትሽ ይህንን መጀመሪያ ንገሪያት፤ አያቶቻችን በጣሊያን ጊዜ ያደረጉትን የሰማች ሰው ይህቺን ጋሪ ለመረዳት አይቸግራትም።

ቤተሰቡ በ1951 አሜሪካ ገባ። ልጅቷ አደገች፣ በ1961 በሠራዊቱ የነርስ ተማሪዎች ፕሮግራም ገባች፣ በ1963 ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ተመረቀች። ከዚያ ቬትናም። ሎንግ ቢን በሚባል ቦታ የጦር ሆስፒታል ውስጥ 14 ወር ሠርተው የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያ ተሸለሙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ቆም ብዬ ልነግርሽ እፈልጋለሁ። በ1968 አረገዙ። የዚያን ጊዜ ደንብ ደግሞ ልጅ ያላት ሴት በሠራዊቱ እንድትቀጥል አይፈቅድም። ስለዚህ ወጡ! ከጦር ሜዳ የመጣች፣ ሜዳሊያ ያላት ነርስ፣ እናት ልትሆን ነው ተብላ ሥራዋን ተነጠቀች። ደንቡ በ1972 ሲቀየር ተመልሰው ወደ ተጠባባቂው ጦር ገቡ። ስለዚህ ሰዎች «በፆታ ዝንባሌዋ የተባረረችው ኮሎኔል» ሲሉ ግማሹን ነው የሚያወሩት። ሠራዊቱ እኚህን ሰው ሁለት ጊዜ ነው ያባረራቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ በሥራቸው ላይ አንድም እንከን ሳያገኝ።

በሲቪል ሕይወታቸው ደግሞ በቬትራንስ (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል ነርስ ነበሩ። በ1985 በመላ አገሪቱ የቬትራንስ ሆስፒታሎች የዓመቱ ነርስ ተብለው ተመረጡ። አራት ወንዶች ልጆች ወልደዋል፣ ትዳራቸው ፈርሷል። ስለ ራሳቸው እውነቱን በደንብ የተረዱት አርባዎቹን ካጋመሱ በኋላ ነው፣ በ1988 ዳያን ከምትባል ሠዓሊ ጋር ሲተዋወቁ። በሠራዊቱም ኮሎኔል ሆኑ። የዋሽንግተን ግዛት ብሔራዊ ዘብ ዋና ነርስ ነበሩ፣ ጄኔራልነትም ያልሙ ነበር።

ለዚህ ከፍተኛ የጦር ትምህርት ቤት መግባት ነበረባቸው፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ ከፍተኛ የምስጢር ፈቃድ። ሚያዝያ 1989 ላይ መርማሪው መጣ። የተለመዱትን ጥያቄዎች እየጠየቀ እዚያ ደረሰ። እሳቸውም «ሌዝቢያን ነኝ» አሉት።

ለምን ዝም አላሉም ላልሽው፣ እንዲህ ባለ ምርመራ ላይ መዋሸት ራሱ ወንጀል ነው። ግን በዚህ ብቻ አይመስለኝም። ነርስ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ፤ የበሽተኛ ካርድ ላይ ያላየሽውን አየሁ ብለሽ አትጽፊም። ዕድሜ ልካቸውን ያየነውን እንጽፋለን ብለው የኖሩ ሰው ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ሌላ መልስ ከየት ያመጣሉ?

በሐምሌ 1991 ቦርድ ፊት ቀረቡ። እህቴ፣ እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ቀን ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ኮሎኔል ፓትሲ ቶምሰን ነበሩ፣ እሳቸውም ነርስ። ውሳኔውን ከማንበባቸው በፊት ካመርማየርን አመሰገኑ፣ ከታላላቅ አሜሪካውያን አንዷ ነሽ አሏቸው። ከዚያ ደንቡ ስለሚያስገድደን ትሰናበቺ ብለው አነበቡ። ለካ ቶምሰን ራሳቸው ከሴት ጋር ነበር የሚኖሩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላሉም። ለሕዝብ የተናገሩት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሠራዊቱ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የጣለው እገዳ ከተነሣ ወዲያ ነው። አስቢው፤ በጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ የተቀመጡት ሁለቱም ሴቶች አንድ ዓይነት ሕይወት ነበራቸው፣ አንዷ ሌላዋን እንድታባርር ታዘዘች። በቶምሰን መፍረድ አልችልም። እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

የግዛቱ አገረ ገዥ ቡዝ ጋርድነር ሳይቀሩ ይቅሩልን ብለው ለመከላከያ ሚኒስትሩ ጽፈው ነበር። አልሆነም። ሰኔ 1992 ተሰናበቱ። እሳቸውም እዚያው ያንቺው ከተማ ሲያትል ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ ሰኔ 1994 ዳኛ ቶማስ ዚሊ ስንብቱ ከጭፍን ጥላቻ የመጣና ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብለው እንዲመለሱ ወሰኑ። ተመለሱ። በ1997 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ በክብር ጡረታ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አላረፉም። በ1998 ለኮንግረስ ተወዳድረው ተሸነፉ። ለግብረ ሰናይ ድርጅቶችም ለተማሪዎችም እየዞሩ ተናገሩ። በ2010 በሠራዊቱ ስላሉ ሴቶች መከላከያ ሚኒስቴርን የሚያማክረው ኮሚቴ አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ፕሬዚዳንት ኦባማ እገዳውን የሚያነሣውን ሕግ ሲፈርሙ፣ አዳራሹን ለሰንደቅ ዓላማው ቃል ኪዳን ያስገቡት እኚሁ የተባረሩት ኮሎኔል ነበሩ። በ2012 ግዛቱ ሲፈቅድ ከዳያን ጋር ተጋቡ።

ደግሞ ምን እንደሠሩ ታውቂያለሽ? ዊድቢ ደሴት ላይ አዳልት ፋሚሊ ሆም ከፈቱ። አንቺ ማታ ማታ የምትሠሪውን፣ ሲያትል አካባቢ ስንቱ ሐበሻ የሚተዳደርበትን ሥራ። ኮሎኔልነቱ፣ ዶክትሬቱ፣ ፍርድ ቤቱ ሁሉ ካለፈ በኋላ አዛውንት ወደ ማገላበጥና መድኃኒት ወደ መስጠት ተመለሱ። እናትሽን አልወቅሳትም፣ አብዛኞቻችን ቤት ይህ ነገር አይነሣም። ይህንን የመጨረሻውን ግን ብትነግሪያት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሜሪላንድ የአንድ አዛውንት ቤት እየሄድኩ እንክብካቤ እሠራለሁ። ሰውየው በ1960ዎቹ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ወንድ ይወዳል ተብለው በመጥፎ ወረቀት ተሰናበቱ። «ስሞት እንኳ እንደ ወታደር አልቀበርም» እያሉ ያለቅሱብኛል። አሁን የሚደረግ ነገር አለ?

አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እናቴ፣ አለ። በ2024 መከላከያ ሚኒስቴር መዝገቦችን ራሱ ገልጦ ከ800 በላይ ሰዎችን ወደ ክብር ስንብት ቀይሯል፤ ያ ግን ከ1990ዎቹ ወዲህ ያሉትን ነው። የእርስዎ አዛውንት ራሳቸው ማመልከት አለባቸው።

መጀመሪያ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ይገኝ። ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ካለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይጠየቃል። ከስንብቱ 15 ዓመት ስላለፈ የሚሞላው ዲዲ ፎርም 149 ነው፣ ለባሕር ኃይል መዝገብ አራሚ ቦርድ። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በ2011 የወጣው መመሪያ ስንብቱ በዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነና ሌላ ጥፋት ከሌለበት እንዲስተካከል ይላል። በነፃ የሚረዱ የቬትራንስ ሰርቪስ ኦፊሰሮች አሉ፣ ወደ እነሱ ይደውሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ከዓመት በላይም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አይበሉ። እስከዚያው ለሕክምና ቬትራንስ አስተዳደርን ይጠይቁ፣ እነሱ ስንብቱን በራሳቸው መንገድ ይመዝኑታል።

ስለ መቃብሩ፣ ዲሲ ኮንግረሽናል መካነ መቃብር ውስጥ ሊዮናርድ ማትሎቪች የሚባል የቬትናም ዘማች አለ፣ በ1975 በዚሁ ምክንያት ከአየር ኃይል የወጣ። ድንጋዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስሙ አይደለም፣ «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የቬትናም ዘማች» የሚል ነው። አዛውንቱ አቅም ካላቸው አንድ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ይውሰዷቸው፣ ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

ፎርሙ ላይ «ስሕተቱ ምንድን ነው» የሚለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ወረቀት ማያያዝ ይቻላል። እጃቸው ከደከመ እሳቸው ይናገሩ፣ እርስዎ ይጻፉላቸው። ፊርማው ግን የራሳቸው ይሁን።