ለአራት ሰው ስጠይቅ የትኬቱ ዋጋ ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው እኔና ባለቤቴ ሁለቱንም ይዘን በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ፀሐይ እየሞቅን አንድ ሳምንት ለማሳለፍ አስበናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያየሁት የደርሶ መልስ ትኬት ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጨመረ። ለአንድ ሰው ስፈልግና ለአራታችን ስፈልግ የሚመጣው የነፍስ ወከፍ ዋጋም ይለያያል። ወደ ድረ ገጹ ደጋግሜ ስለገባሁ ይሆን? ማክሰኞ መግዛት ያዋጣል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ። ዋጋውን ይበልጥ የሚወስነው ትኬቱን የሚገዙበት ቀን ሳይሆን የሚበሩበት ቀን ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መነሣት ከዓርብና ከቅዳሜ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ደጋግመው መግባትዎም ጥፋት አይመስለኝም፤ ምክንያቱ ከአሻሻጡ ይመነጫል።

አየር መንገዶች በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያሉትን አንድ ዓይነት መቀመጫዎች በተለያየ የዋጋ እርከን ከፋፍለው ይሸጣሉ፤ ርካሹ እርከን የሚይዘው ጥቂት መቀመጫ ስለሆነ፣ እሱ ሲያልቅ ሽያጩ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። በርካሹ እርከን ሦስት መቀመጫ ቀርቶ እርስዎ አራት ቢጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ በርካሽ፣ አንዱ በውድ አይሰጥዎትም፤ አራቱም በላይኛው ዋጋ ይተመናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ለአንድ፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ከዚያም ለሦስት ሰው ፈልገው ዋጋው የሚዘልበትን ቦታ ይለዩ። አራቱን ትኬት ለሁለት ከፋፍለው ለየብቻ ለመግዛት ከወሰኑ ግን በእያንዳንዱ ግዢ አንድ ወላጅ ከአንድ ልጅ ጋር ይሁን፤ በረራው ቢሰረዝ ለየብቻ የተገዛላቸው ተጓዦች በተለያየ አውሮፕላን ሊመደቡ ይችላሉና፣ ልጅ ብቻውን እንዳይቀር ከወዲሁ ማሰብ ይገባል።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ፈላጊው ብዙ ስለሆነ፣ ቀኑ የተቆረጠበት ቤተሰብ በመጨረሻው ሰዓት ይረክሳል ብሎ እንዲጠብቅ አልመክርም። ቀኑን ማንቀሳቀስ የሚችሉ ከሆነ የነሐሴን መጨረሻ ይመልከቱ፤ ያን ጊዜ ብዙው ሰው ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ወደ ባሕሩ የሚሄደው በረራ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ባሕሩም ከየብስ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ገና ለዋና ይመቻል።

በርካሽ የሚበሩ አየር መንገዶችን ሲያዩ የሚያርፉበትን ቦታ በካርታ ላይ ያረጋግጡ። ለምሳሌ በስፔን ያለው የጂሮና አውሮፕላን ማረፊያ ከባርሴሎና 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከተማዋን ለሚፈልግ መንገደኛ የአውቶቡስ ወጪና ድካም ይጨምርበታል። ወደ ኮስታ ብራቫ የባሕር ዳርቻ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ጂሮና ከባርሴሎና ይልቅ ይቀርባል፤ እንዲህ ያለው ርካሽ ትኬት በእውነት ርካሽ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ማንኛውም የማይቀር ግብርም ሆነ ክፍያ ገና ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ተካትቶ መታየት አለበት፤ ሻንጣና መቀመጫ መምረጥ ግን በፈቃድ የሚገዙ ስለሆኑ በኋላ ይመጣሉ። ሁለት አየር መንገዶችን ሲያወዳድሩ የሻንጣውን ክፍያ ለመሄጃም ለመመለሻም ይደምሩ፤ ለአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ልብስ ለአራታችሁም አንድ ትልቅ ሻንጣ ይበቃል፣ የቀረውን ደግሞ እያንዳንዳችሁ ከመቀመጫ ሥር በሚገባ ትንሽ ቦርሳ መያዝ ትችላላችሁ።