ወረንጦና ጀሪካን፦ ስለ ትራኮማ ለጠየቃችሁኝ

ገጠር ጤና ጣቢያ ዓመታት ስለሠራሁ ዓይን ስለሚያጠፋው ተላላፊ በሽታ፣ "ስለ ትራኮማ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ይኸው መልሴ።

እናቴ ወረንጦ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሽፋሽፍቷን ትነቅላለች። ልከልክላት?

ከመከልከል ይልቅ ሐኪም ጋ ውሰዳት። በልጅነቷ እየተመላለሰ የያዛት በሽታ የዓይኗን ቆብ ከውስጥ አጠባስሶታል። ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ፀጉሩ ብሌኗን ይፍቃል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ቆቡ ብቻ ደንዝዞ ይሠራላትና በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። አትዘግይ፤ የጠፋ ብርሃን አይመለስም።

ዚትሮማክስ ስንት ጊዜ ታደለን፤ ለምን አይጠፋም?

መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ፋይዘር በነፃ ይሰጣል። ግን ዛሬ የዳነውን ልጅ ነገም በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያደርሰው ዝንብ ይጠብቀዋል። ይህ ዝንብ የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናና ከመድኃኒት ሌላ ፊት መታጠብና የአካባቢ ንጽሕና ያስፈልጋል። የፊተኞቹን ሁለቱን ጤና ቢሮ ይይዛቸዋል። የኋለኞቹ የውሃውም፣ የትምህርቱም፣ የቀበሌውም ናቸው። የሁሉም ስለሆኑ የማንም አልሆኑም።

ፊት መታጠብ የራስ ጉዳይ ነው። መንግሥት ምን አገባው?

እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት "ልጅሽን ለምን አታጥቢም?" ብዬ ተቆጣኋት። ጀሪካኗን አሳየችኝ፤ ሃያ ሊትር። ምንጩ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። "ለወጡ፣ ለመጠጡ፣ ለጥጃው። አንተ ከየትኛው ትቀንስ ነበር?" አለችኝ። አፌን ያዝኩ።

እርግጥ በአንድ ጣሳ ውሃ ሁለት ሦስት ልጅ ፊቱን ይታጠባል። ይህን ማስተማር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራ ነው። ምንጩን ማቅረብ ግን ከእሷ አቅም በላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ጤናን ከትምህርት፣ ከንጹሕ ውሃ፣ ከመኖሪያና ከምግብ ጋር አብሮ ነው የጠራው። "አቅም በፈቀደ መጠን" ይላል እንጂ። መሹለኪያዋም እሷው ናት።

ለምን ሴቶች ይበዛሉ?

ልጅ የሚያዝለው፣ ዓይኑን በነጠላ ጫፍ የሚጠርገው ማነው?

ያጠፋ አገር አለ?

አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሞሮኮ በ2016፣ ለጋና በ2018 (በፈረንጆች) ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ መስክሯል። ምዕራብ አውሮፓን ብታይ ደግሞ በሽታው አንቲባዮቲክ ሳይመጣ በፊት ነበር እየከሰመ የሄደው፤ ኑሮው ሲሻሻል፣ ቤቱ ሲሰፋ፣ ውሃው ሲቀርብ።

እኔ ምን ላድርግ?

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ስለ ዓይን ሳይሆን ስለ ውሃ ፓምፑ ጠይቅ። መቼ ተበላሸ? መለዋወጫውስ ማን ጋ ነው?