መልስ፦ በሂንዲ «ለምን» ብሎ መጠየቅ

«ክዮን»ን (የሂንዲውን «ለምን») ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ላስገባው ላልሽው፣ እንግሊዝኛውን እርሺውና በአማርኛ አስቢ። ሂንዲም ግሱን መጨረሻ ስለሚያደርግ «ክዮን» አብዛኛውን ጊዜ ከግሱ ፊት ይገባል። «አፕ ሂንዲ ክዮን ሲክ ራሄ ሄን?» ማለት «እርስዎ ሂንዲ ለምን ይማራሉ?» ነው፤ የምትጠይቂያት ሴት ከሆነች «ራሄ» የነበረው «ራሂ» ይሆናል። የ«ክዮን» መጨረሻ «ን» በአፍንጫ ብቻ የምትወጣ ናት፣ አትጫኛት።

አማርኛ የማያግዝሽ መልሱ ላይ ነው። እኛ «ስለምወድ» ብለን ምክንያቱን እናስቀድማለን፤ እነሱ ግን ዋናውን ተናግረው በ«ክዮንኪ» («ምክንያቱም») ይቀጥላሉ፦ «ሜን ሂንዲ ሲክ ራሂ ሁን፣ ክዮንኪ ሙጄ ፊልሜን ፓሳንድ ሄን» (ሂንዲ እየተማርኩ ነው፣ ምክንያቱም ፊልም እወዳለሁ)። ምክንያቱን ማስቀደም ካማረሽ መሃል ላይ «ኢስሊዬ» («ስለዚህ») አስገቢ። «ክዮን ናሂን?» ደግሞ «ለምን አይሆንም?» ነው፤ ይቺን አሁኑኑ ያዣት።