መልስ፦ ደብተርና እስክሪብቶ ወደ ሌላ አገር ለመላክ

ሰላም! ሌላ አገር ላሉ፣ ቤተሰቦቻቸው አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ በካርቶን ልትልክ እንዳሰብክና ከየት እንደምትጀምር ጠይቀሃል። ሐሳብህ በጣም ደስ ይላል።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ጠይቅ። የጎደለውን ከመምህራኑ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ደብተር ሞልቶ፣ ልጆቹን ከክፍል የሚያስቀረው የዩኒፎርም፣ የጫማ ወይም የንጽህና መጠበቂያ እጦት ሆኖ ይገኛል።

ወረቀት ደግሞ ይከብዳል። የመላኪያው ሂሳብ ከደብተሮቹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ ጉምሩክ አለ፤ ዕቃው እርዳታ ስለሆነ ብቻ ከቀረጥ ነጻ ላይሆን ይችላል። ያኔ ክፈሉ የሚባሉት እነዚያው የቸገራቸው ሰዎች ናቸው፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ እኔ ብሆን ገንዘቡን ልኬ ዕቃው እዚያው እንዲገዛ አደርጋለሁ። ደብተሩ ለክፍላቸው የሚስማማ ይሆናል፣ የአካባቢው ነጋዴም ይጠቀማል። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር የለውም። የልጆቹን ፎቶ ግን፣ እባክህ፣ አትጠይቅ። ለደብተር ብለው ችግራቸውን ማሳየት የለባቸውም።

የምታውቀው ትምህርት ቤት ከሌለ፣ ዩኒሴፍ በአደጋ ጊዜ የሚያድለው «ትምህርት ቤት በሳጥን» የሚባል ጥቅል አለ። ለአንድ መምህርና እስከ 40 ለሚደርሱ ልጆች የሚሆን ዕቃ ይይዛል። ክዳኑ ቀለም ተቀብቶ ሰሌዳ ይሆናል። ለዚህ መዋጮ ማድረግ ትችላለህ።

ዕቃ መላኩን ከመረጥክ ግን ትምህርት የሚከፈትበትን ቀን አጣራ፤ በየአገሩ ይለያያል።