ንግድ ቤቶች የሚጨናነቁበትን ሰዓት በኮድ ስለ መመዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎግል ማፕስ የሚያሳየው የመጨናነቅ ግራፍ ከምን የተሠራ ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ይህ ግራፍ፣ ስልካቸው የሄዱበትን ቦታ እንዲመዘግብ ከፈቀዱ ሰዎች ተሰብስቦ፣ ማንነታቸው እንዳይለይ በጅምላ ከተጠቃለለ መረጃ የሚወጣ ነው። በቂ ጎብኚ ያልተመዘገበለት ቤት ግራፍ ስለማይኖረው፣ ባዶ ውጤት ሁሉ የኮድ ስህተት አይደለም።

ጥያቄ፦ ግራፉ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከአገልግሎቱ መረጃ በሚጠይቁበት መንገድ) ይገኛል?

መልስ፦ አይገኝም። የድርጅቱ ኤፒአይ አድራሻንና የሥራ ሰዓትን ይሰጣል እንጂ ግራፉን አይሰጥም። ግራፉን ከገጹ ላይ የሚለቅሙ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ነፃ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) አሉ፤ ነገር ግን የአገልግሎቱ ደንብ እንዲህ ያለውን ለቀማ ይከለክላል፣ የገጹ አሠራር በተለወጠ ቁጥርም ሥራቸው ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ ግራፉ ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ሲገለጽ ሁለት ቤቶች 80 ካሳዩ በሁለቱም ያለው ሰው እኩል ነው?

መልስ፦ በፍጹም፤ ብዙ ትንተና የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። 100 ማለት ቤቱ ራሱ በሳምንቱ ውስጥ በብዛት የሚጎበኝበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት 20 ሰው በሚይዘው ቤት 80 ማለት በግምት 16 ሰው ሲሆን፣ 400 በሚይዘው ግን 320 ነው። የአንድን ሰፈር ቤቶች ቁጥር ደምሮ አማካይ ማውጣት፣ የሰፈሩን ሰው ብዛት የሚመስል፣ ግን ያልሆነ ነገር ይሰጣል። የሰው ብዛት የሚያስፈልገው ሰው በተለያዩ ሰዓቶች በር ላይ ቆሞ በመቁጠር ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ማባዣ ማውጣት አለበት፤ አድካሚ ቢሆንም በኮድ የሚተካ አይደለም።

ጥያቄ፦ መረጃውን እንዴት ላስቀምጥ?

መልስ፦ ስም ስለሚቀየርና ስለሚደጋገም፣ እያንዳንዱን ቤት ጎግል ማፕስ በሚሰጠው መለያ መዝግቡት። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) አስቀምጡ፣ የቦታውንም የሰዓት ክልል ጨምሩበት። ከሁሉ በላይ 0 እና «መረጃ የለም» በአንድ ዓምድ ውስጥ እንዳይቀላቀሉ ተጠንቀቁ፤ ያልተገኘውን ኮዳችሁ በ0 ከተካው፣ ኮዱ የላከው ጥያቄ ሳይመለስ የቀረበት ሰዓት ሁሉ ቤቱ ጭር ያለበት ሰዓት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ቤቱ የራሴ ከሆነስ?

መልስ፦ እንግዲያው ግምት አያስፈልግም፤ በበሩ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጥር ሴንሰር ወይም ካሜራ ይበቃል። ካሜራ ከሆነ ምስሉን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ። ተያይዘው የሚገቡ ሰዎች እንደ አንድ ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፣ በገባና በወጣ መካከል ያለው ልዩነት ቀስ በቀስ ከእውነታው ይርቃል፤ በመሆኑም ቤቱ በተዘጋ ቁጥር ቆጣሪውን ወደ 0 የሚመልስ ትእዛዝ ጨምሩ።